ተኩላው መቼ ይመለስ? የኦንላይን ጌም ጠላትና ሌቭል እንዴት ይመጠናል

ባለፈው ክረምት ለራሴ ያህል አንዲት ትንሽ የኦንላይን ጌም ሜዳ ሠራሁ። አንድ መስክ፣ አንድ ወንዝ፣ 12 ተኩላ። ተልዕኮው «8 ተኩላ ግደል» ይላል። የሞተ ተኩላ በ5 ደቂቃ ይመለሳል። ብቻዬን ስሞክረው አሪፍ ነበር። ቅዳሜ የእህቴን ልጅና ስድስት ጓደኞቹን አስገባኋቸው። አንድ ደቂቃ በቅጡ ሳይሞላ «ጋሼ፣ ተኩላ አልቋል!» አለኝ።

ሰባት ልጅ ስምንት ስምንት ከገደለ 56 ተኩላ ያስፈልጋል። ይህን ቀላል ማባዛት አስቀድሜ አልሠራሁትም። ልጆቹ 20 ደቂቃ ግድም ባዶ ሣር ላይ ሲዘሉ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ የምከተለው መንገድ ይኸውና። እስክሪብቶ፣ ወረቀትና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ኤክሴል ካላችሁ ደግሞ የተሻለ።

1. ከተጫዋቹ ደቂቃ ጀምሩ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከተኩላው ጉልበትና ከጥርሱ ጉዳት ነው። እነሱን ለጊዜው ተዉአቸው። አንድ ሰው አስገቡና ሰዓት ያዙ። አንዱን ተኩላ ለመግደል 20 ሰከንድ፣ ቀጣዩን ፈልጎ ለመድረስ 10 ሰከንድ ፈጀበት እንበል። 30 ሰከንድ ሆነ። «አንድ ዙር» እንበለው፤ ቀሪው ሒሳብ ሁሉ የሚወጣው ከእሱ ነው።

የምትለኩት በራሳችሁ እንዳይሆን ብቻ። ሜዳውን የሠራ ሰው ተኩላው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ለጌሙ አዲስ የሆነ ሰው ፈልጉ።

2. ሌቭሉን በኤክስፒ ሳይሆን በግድያ ቁጥር አስቡት

ኤክስፒ ተጫዋቹ እየተጫወተ የሚሰበስበው፣ ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ሌቭል የሚያወጣው ነጥብ ነው። «ለሌቭል 10 ስንት ኤክስፒ ልጠይቅ?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። «ስንት ተኩላ ይግደል?» በሉ።

ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው የኦንላይን ጌም ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ዘመኑ ከተጫዋቹ ጋር እኩል ሌቭል ያለው ጠላት የሚሰጠው ኤክስፒ ሌቭሉ በ5 ተባዝቶ 45 ሲደመርበት ነበር። ሌቭል 1 ላይ 50 ይሆናል። ወደ 2 ለመውጣት የሚጠየቀው 400 ነው። ስለዚህ 8 ጠላት። ሌቭል 10 ላይ አንዱ ጠላት 95 ይሰጣል፣ የሚጠየቀው 7,600 ነው። ይህ 80 ጠላት ነው። ነገሩ ገባችሁ? እስከ 28 ድረስ ሌቭሉን በ8 ማባዛት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ይጠናል። ከ59 ወደ 60 ለመውጣት 209,800 ኤክስፒ ሲጠየቅ አንዱ ጠላት 340 ይሰጣል፣ ማለትም 617 ጠላት።

አሁን የኛን የ30 ሰከንድ ዙር እናምጣ። 8 ተኩላ 4 ደቂቃ፣ 80 ተኩላ 40 ደቂቃ፣ 617 ተኩላ ከ5 ሰዓት በላይ። መቼም ማንም ጤነኛ ሰው 617ቱን በጠላት ብቻ አይወጣም፤ ከተልዕኮ የሚገኘው ኤክስፒ ያግዘዋል። ሠሪው ግን የእያንዳንዱን ሌቭል ዋጋ በሰዓት ማወቅ አለበት።

ዳገቱን ከልክ በላይ አታክርሩት። ሩንስኬፕ የሚባለው ጌም ላይ አንድን ሙያ ሌቭል 99 ለማድረስ 13,034,431 ኤክስፒ ያስፈልጋል፤ ግማሹ የሚሞላው 50 ላይ ሳይሆን 92 ላይ ነው። ተጫዋቾቹ እየሳቁበት ይኖራሉ። እናንተ ግን ሰው ገና ባልለመደው ቤት ይህን ብታደርጉ እንግዳው ቡናው ሳይፈላ ይነሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ከተጫዋቹ በጣም ያነሰ ጠላት ምንም ኤክስፒ አይስጥ። አለበለዚያ ሌቭል 40 የደረሰ ጎረምሳ ተመልሶ መጥቶ የጀማሪዎችን ተኩላ ባንድ ምት ያጭዳል።

3. ስንት መውጫ ነጥብ እንደሚያስፈልግ አስሉ

መውጫ ነጥብ ማለት አንድ ተኩላ ብቅ የሚልበት ቦታ ነው። የኔ ስህተት የተደበቀው እዚህ ነው። ሰባት ልጅ፣ እያንዳንዱ በደቂቃ 2 ተኩላ ይገድላል። ድምሩ በደቂቃ 14። የመመለሻ ጊዜውን 2 ደቂቃ ብናደርገው በማንኛውም ቅጽበት 28 ተኩላ ሞቶ ይጠብቃል። ሌላው ፍለጋ እንዳይሄድ ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ 2 በሕይወት ያለ ተኩላ ይኑር፣ 14። ሲደመር 42 መውጫ ነጥብ። እኔ 12 ነበረኝ።

አንዳንዱ ሠሪ ቁጥር ይሰለቸውና «ተፈጥሮ ራሷ ትመጥነው» ይላል። በ1997 የወጣው አልቲማ ኦንላይን ይህን ሞክሯል። ጥንቸሉ ሣር ይበላል፣ ተኩላው ጥንቸል ያድናል ተብሎ ታቀደ። ሐሳቡ ውብ ነበር። ተጫዋቹ ግን ገብቶ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ፈጀው። ሥርዓቱ ሥራ ሳይጀምር አውሬው አለቀ፣ በኋላም ተነሳ። ተጫዋች ሲመጣ እንደ አንበጣ ነው፤ ሒሳባችሁን በዚያ ልክ ሥሩ።

4. ሰው ሲበዛ መመለሻው ይፍጠን፣ ግን ወለል አብጁለት

በ42 ነጥብ ላይ 20 ሰው ቢመጣስ? ፍላጎቱ በደቂቃ 40 ይሆናል። ሜዳው በ2 ደቂቃ መመለሻ ማቅረብ የሚችለው 21 ብቻ ነው። የ4 ደቂቃው ተልዕኮ 8 ደቂቃ ይፈጃል። መመለሻውን ወደ 45 ሰከንድ ብታወርዱት በደቂቃ እስከ 56 ይደርሳል። ስለዚህ ሰርቨሩ በመስኩ ያለውን ሰው ቆጥሮ ራሱ እንዲያፈጥን አድርጉት።

ግን ከመግደያው ጊዜ በታች አይውረድ። ይህንንም ያየሁት በልጆቹ ነው። አንዱ ተኩላውን ገደለ፣ በጌሙ ውስጥ ደሙ ሊያልቅ ደርሶ ስለነበር ቁጭ ብሎ ደም የሚመልሰውን ዳቦ መብላት ጀመረ። መመለሻውን 15 ሰከንድ አድርጌው ነበር። ያው ተኩላ እዚያው ከጀርባው ተነሳና በዳቦው ላይ ሞተ። ልጁ ማለቴ ነው። ለአስተማማኝነቱ 40 ሰከንድ ወለል አድርጉ፤ ተኩላውም በሞተበት ነጥብ ሳይሆን ባዶ በሆነ ሌላ ነጥብ ይውጣ።

ተቃራኒውም አለ። ሌሊት አንድ ሰው ብቻውን ቢገባ 38 ተኩላ ይጠብቀዋል። ሰው ሲያንስ 15 ያህሉን ነጥብ ብቻ ክፈቱ።

5. ብርቅዬው ጠላት ላይ ሰልፍ አታሠሩ

በ1999 በወጣው ኤቨርክዌስት የመጀመሪያ ዘመን፣ ሲሞት ጥሩ ዕቃ የሚጥለው ጠላት ብዙ ጊዜ በሰርቨሩ አንድ ቦታ ብቻ ይወጣ ነበር። ተጫዋቾች ሰዓታት ይጠብቁት፣ ተራ ይይዙ፣ ስም ዝርዝር ያወጡ ነበር። ልክ የማታ ታክሲ ሰልፍ ነው፣ ጣልቃ የሚገባው ሰውዬ ሳይቀር። ዕቃው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ ዋሻ ይከፈትለት። ለጌጥ ከሆነ ግን ይሰለፉ፤ ሰልፍ ላይ ጓደኛ ይገኛል።

6. ክፈቱና ቁጠሩ

አንድ ቁጥር ብቻ መዝግቡ፤ ከአንድ ግድያ እስከ ቀጣዩ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ። 30 ካላችሁት ሜዳ ላይ 50 ከታየ ተኩላ አንሷል ወይም መንገዱ ረዝሟል።

«ሌቭሉ ዘገየ» ካሏችሁ ደግሞ ቁጥሩን ከመንካታችሁ በፊት አቀራረቡን እዩ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሙከራ ላይ ሳለ ብዙ የተጫወተ ሰው ኤክስፒው በግማሽ ይቀነስበት ነበር። ጩኸት ተነሳ። ሠሪዎቹ ገልብጠው «ያረፈ ሰው እጥፍ ያገኛል» አሉ። ሒሳቡ በመሠረቱ ያው ነበር፣ ጩኸቱ ግን ቆመ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሰባቱን ልጆች መልሼ ጠራኋቸው። በ42 ነጥብና በ2 ደቂቃ መመለሻ ስምንቱን ተኩላ 5 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጨረሱ። የእህቴ ልጅ ግን ገና ኮፍያ ማዳመጫውን ሳያወልቅ «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ወንዙ ጋ መቆሚያ የለም» አለኝ። ሦስቱን ነጥብ ከወንዙ ዳር አንስቼ ወደ ኮረብታው ወሰድኳቸው።