ሰርባን በአኮርዲዮን ለመጫወት ከየት ልጀምር?

ሰርባ ሮማኒያውያን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የሚጨፍሩበት ፈጣን ዜማ ነው። በሠርግ ላይ የሚጫወቱት ባለሙያዎች ለውታሪ ይባላሉ። እንደኛ አዝማሪዎች ሙያውን በጆሮ ተምረው ለልጅ ያወርሱታል፤ ብዙዎቹ ሮማ ከሚባለው (ጂፕሲ) ሕዝብ ናቸው። ከአኮርዲዮን ተጫዋቾቻቸው አንዱ ኢዮኒከ ሚኑኔ ነው። ሚኑኔ ማለት ተአምር ነው። አንዴ የሰማው ሰው ቅጽል ስሙ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

እሱን ሰምቶ የሚጀምር ሰው ወዲያው መሮጥ ያምረዋል። እባካችሁ አትሩጡ። በሰርባ ውስጥ በአንድ ምት ሦስት ኖታ አለ፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ሦስተኛዋን ይውጣታል። ሦስቱ እኩል ከወጡ ቀስ ብሎ የተጫወተም ሰው ያስጨፍራል።

በቀኝ እጅ እንጀምር። አውራ ጣትን ዲ ላይ አሳርፉ። ቀጥሎ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ሻርፕ፣ በትንሿ ጣት ደግሞ ኤ። አምስት ጣት፣ አምስት ቁልፍ፤ እጃችሁ ከቦታው አይነሳም። ጂ ሻርፕ ጥቁሯ ቁልፍ ናት። በእሷ ፋንታ ነጯን ጂ ብትነኩ ቅመሙ ይጠፋል።

አሁን እንዲህ ተጫወቱ፦ ዲ-ኢ-ኤፍ፣ ኢ-ኤፍ-ጂ ሻርፕ፣ ኤፍ-ጂ ሻርፕ-ኤ። ስትመለሱ ኤ-ጂ ሻርፕ-ኤፍ፣ ጂ ሻርፕ-ኤፍ-ኢ፣ ኤፍ-ኢ-ዲ። መጨረሻ ላይ ዲን ሁለት ምት ያዙት። ሜትሮኖሙ (ምት የሚቆጥረው መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ ይሁን፤ በየምቱ ሦስት ኖታ። ጣት ከቁልፉ ብዙ ከፍ አይበል። ከፍ ያለ ጣት እስኪመለስ ምቱ ያመልጣል።

የግራ እጅ ቀላል ነው። ቀለበት ጣት ዲ ባስ ላይ፣ ጠቋሚ ጣት ዲ ማይነር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ላይ። ባሱ በመጀመሪያው ምት፣ ኮርዱ በሁለተኛው። ኮርዱን እሳት እንደነካችሁ ቶሎ ልቀቁት። ከረዘመ ዜማውን ያፍነዋል።

ብዙ ሰው የሚሳነው ወናፉ ነው። ከላይ ያለው ሐረግ ሁለት ሁለት ምት ያላቸው አራት ባር (የዜማ ክፍል) ነው፤ ሙሉውን እየከፈታችሁ ተጫወቱ፣ ሲደገም እየዘጋችሁ። ዲን ይዛችሁ የምትቆዩበት ሁለት ምት ሲያልቅ አቅጣጫ ቀይሩ። መሀል ላይ ከቀየራችሁ ዜማው ሳይጨርስ ይተነፍሳል። ጣቶቻችሁ ሲፋጠኑ ግራ ክንዳችሁም አብሮ መግፋት ይፈልጋል፣ ያኔ ድምፁ ይጮሃል። ክንዱን ያዝ አድርጉት።

ጌጥ የሚጨመረው ይሄ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። የሦስተኛው ምት መጀመሪያ የሆነችውን ኤፍ በፍጥነት ኤፍ-ኢ-ኤፍ አድርጓት። ኢ ብልጭ ብላ ትጥፋ።

ሜትሮኖሙን በየጊዜው በ4 ጨምሩ፤ ሦስተኛዋ ኖታ በጠፋች ቁጥር ወደ ኋላ ተመለሱ። 120 ስትደርሱ በሰከንድ 6 ኖታ እየተጫወታችሁ ነው። ያኔ ሜትሮኖሙን አጥፉና የቤት ሰው እንዲያጨበጭብላችሁ ጠይቁ።