የኳንተም ምስጢር ጥበቃ ሲነሳ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«መምህር፣ ከዚህ እስከ ፒያሳ በኳንተም የተጠበቀ ፈጣን ዋይፋይ ብንዘረጋ ማን ይጠልፈናል?» ሲል አንድ የኔትወርክ ባለሙያ ወጣት ጠየቀኝ። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆመን ነበር። ጉጉቱን ወደድኩት፤ ጥያቄው ግን የኳንተም ምስጢር ጥበቃ፣ ማለትም ጠላፊን ለማጋለጥ በጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ የሚጠቀመው ዘዴ፣ ሲነሳ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸውን ነገሮች በአንድ ላይ የያዘ ነው።

መልእክቱ ራሱ በኳንተም ይላካል ማለት

እ.ኤ.አ. በ1984 ቻርልስ ቤኔት እና ዢል ብራሳር ያቀረቡት ዘዴ የሚያደርሰው ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ማለትም መረጃ የሚመሰጠርበትና የሚፈታበት የቁጥሮች ድርድር፣ ብቻ ነው። ቁልፉ በደካማ የብርሃን ቅንጣቶች፣ በፎቶኖች፣ ይላካል። የባንኩ ሒሳብ ወይም የሆስፒታሉ መዝገብ ግን በዚያ ቁልፍ ተመስጥሮ በተለመደው ፈጣን መስመር ይጓዛል። ቁልፍ የሚመረትበት ፍጥነት መረጃው ከሚጓዝበት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሁለቱን ለይቶ ማስላት ያስፈልጋል።

በዋይፋይ አንቴና ይሠራል ብሎ ማሰብ

የሬዲዮ ሞገድም እንደ ብርሃን ፎቶኖች አሉት፤ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የዋይፋይ ፎቶን ግን ጉልበቱ በጣም ትንሽ ነው። አንዱን ለይተን እንያዝ ብንል፣ ከአካባቢው ሙቀት ብቻ የሚመነጩ ከአንድ ሺህ በላይ መሰሎቹ ይውጡታል። ስለዚህ በሁለት ጣሪያዎች መካከል የሚታሰበው የሌዘር ብርሃን ነው። ብርሃን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ የቀን ፀሐይ መቀበያውን ያውካል፣ የክረምቱ ጉምና ዝናብ ፎቶኖቹን ያስቀራል። ነሐሴ ላይ ከእንጦጦ የሚወርደውን ጉም የሚያውቅ ሰው ቁልፍ አስቀድሞ አምርቶ ማከማቸት ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

መጥለፍን ይከለክላል ማለት

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ኳንተም ጠላፊውን አያስቆመውም፤ ያጋልጠዋል። ሁኔታው ያልታወቀን ፎቶን በትክክል መቅዳት እንደማይቻል እ.ኤ.አ. በ1982 ተረጋግጧል። ላኪው እያንዳንዱን ፎቶን ከሁለት የመለኪያ አቅጣጫዎች በአንዱ በዘፈቀደ ያዘጋጀዋል፤ ጠላፊው የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ፣ እያንዳንዱን ፎቶን ይዞ፣ ለክቶ፣ ምትኩን ቢልክ፣ በግማሹ ጊዜ የተሳሳተውን አቅጣጫ ይመርጣል። ከዚያ የተነሳ ሁለቱ ወገኖች ከሚያመሳክሩት ቁልፍ 25 በመቶ ያህሉ ይበላሻል። ስህተቱ ከ11 በመቶ ገደማ ካለፈ ቁልፉ ይጣላል፤ ምንም ምስጢር ገና አልተላከበትምና የሚወጣ ነገር የለም። ይሁን እንጂ በኃይለኛ ብርሃን መስመሩን ማወክ የፈለገ ሰው አሁንም ይችላል።

ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ አለማረጋገጥ

ጠላፊው መሐል ገብቶ ለአንዱ ሌላውን መስሎ ከቀረበ ፊዚክሱ አይረዳም። አስቀድሞ የተጋሩት አጭር ምስጢር ወይም አስተማማኝ ዲጂታል ፊርማ የግድ ነው።

መሣሪያውን እንደ ፊዚክሱ ማመን

የፊዚክሱ ማረጋገጫ የሚሠራው መሣሪያው በወረቀት ላይ እንደታሰበው ከሆነ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ለገበያ የቀረቡ መሣሪያዎችን የፎቶን መቀበያ በደማቅ ሌዘር አሳውረው፣ ሳይታወቅባቸው ሙሉውን ቁልፍ መውሰድ እንደሚቻል አሳይተዋል። ገዢ ሻጩን ይህን ጥቃት በምን እንደመከተ ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም።

ኳንተም እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ

ዛሬ ተመስጥሮ የሚያልፈውን መረጃ ቀድቶ አስቀምጦ ነገ በኳንተም ኮምፒውተር፣ ማለትም በኳንተም ፊዚክስ በሚያሰላ ኮምፒውተር፣ ለመፍታት የሚጠብቅ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ሌዘር አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉ ሦስት የምስጠራና የፊርማ ደረጃዎችን አውጥቷል፤ በተራ ኮምፒውተር ላይም ይሠራሉ። ወጣቱን በሚቀጥለው ስንገናኝ የሌዘር ዋጋ ሳይሆን የቢሮውን ራውተሮች ዝርዝር፣ የይለፍ ቃላቸው መቼ እንደተቀየረና ሶፍትዌራቸው መቼ እንደታደሰ ጽፎ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት።