በእንግሊዝ አገር የኦቨርድራፍት ክፍያን ሲከራከሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው ስህተት፣ ለኦቨርድራፍት፣ ማለትም በሂሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ ለማውጣት፣ ባንክ የቆረጠውን ከበድ ያለ ክፍያ ሁሉ «መቀጮ ስለሆነ አይጸናም» ብሎ መነሣት ነው። በእንግሊዝ ሕግ የመቀጮ ክልከላ የሚሠራው ገንዘቡ የተጠየቀው ውል በመጣሱ ምክንያት ሲሆን ነው። በሂሳቡ 12 ፓውንድ ብቻ ባለበት ቀን የ30 ፓውንድ የስልክ ክፍያ በዳይሬክት ዴቢት (ደንበኛው አስቀድሞ በሰጠው ፈቃድ ከሂሳቡ በቀጥታ በሚቆረጥ ክፍያ) የመጣበትን ደንበኛ እንውሰድ። በዚያን ጊዜ የነበረው የባንኮቹ ውል ይህን ሰው ውል አፍራሽ አይለውም ነበር፤ ብድር እንደጠየቀ ይቆጥረው ነበር፤ ባንኩ ቢከፍልለትም ቢከለክለውም የሚያስከፍለው ጥያቄውን ላስተናገደበት አገልግሎት ነው ይል ነበር። ብልጠት ያለበት አጻጻፍ መሆኑ አያከራክርም፤ ሆኖም ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በጊዜው የነበሩትን እነዚህን የውል ቃላት መርምሮ መቀጮ አይደሉም ብሏል።

«ደብዳቤ መላክ ባንኩን ይህን ያህል አያስወጣውም» የሚለው ክርክርም ብቻውን አያዋጣም። ውል ተጥሷል ቢባል እንኳ፣ ከ2015 ወዲህ መለኪያው ክፍያው ባንኩ ሊያስጠብቀው ከሚገባው ሕጋዊ ጥቅም ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ስህተት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 25 ቀን 2009 የሰጠውን ፍርድ «ክፍያዎቹ ፍትሐዊ ናቸው ተብሏል» ብሎ ማንበብ ነው። የሸማቾችን ጥቅም ያስጠብቅ የነበረው የመንግሥት አካል፣ የፍትሐዊ ንግድ ቢሮ፣ አቢ ናሽናል የተባለውን ባንክና ሌሎች ሰባት ተቋማትን በከሰሰበት በዚያ ጉዳይ የቀረበው ጥያቄ ጠባብ ነበር፤ ይኸውም ቢሮው በሸማቾች ውል ውስጥ ያሉ ኢፍትሐዊ ቃላትን በሚመለከተው በ1999ኙ ደንብ መሠረት ክፍያው ለተሰጠው አገልግሎት በዝቷል ወይስ አልበዛም ብሎ መመርመር ይችላል ወይ የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ፣ ባንኮቹ ከግል ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ከሚያገኙት ገቢ ከ30 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእነዚህ ክፍያዎች ስለሚመጣ ክፍያዎቹ የጠቅላላው አገልግሎት ዋጋ አካል ናቸው፤ በግልጽ ቋንቋ እስከተጻፉ ድረስም በዚህ መንገድ አይመረመሩም አለ። በሌላ ምክንያት ኢፍትሐዊ ናቸው ብሎ የመከራከሩን በር አልዘጋም፤ ቢሮው ግን በማግስቱ ወር ምርመራውን ተወው። ሂሳባቸው የማይጎድል ሰዎች «በነጻ» የሚገለገሉት ሌላው በሚከፍለው መሆኑን ፍርዱ ራሱ አልሸሸገም።

ዛሬ የተቆረጠን ክፍያ በዚያ ዘመን ክርክር መሞገትም ከንቱ ድካም ነው። ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ጀምሮ የፋይናንስ ተቋማትን በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን በኤፍ.ሲ.ኤ. ደንብ መሠረት ባንክ ለኦቨርድራፍት የቀን ወይም የወር ቁርጥ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ በዓመታዊ ወለድ ብቻ ያስከፍላል፤ ከባንኩ ጋር አስቀድሞ ስምምነት ያልተደረገበትንም (ያልተፈቀደውን) ኦቨርድራፍት ከተፈቀደው አስበልጦ ማስከፈል ተከልክሏል። ስለዚህ መጀመሪያ የሂሳብ መግለጫዎን አውጥተው ክፍያው የተቆረጠበትን ቀን ይመልከቱ። አቤቱታው በቅድሚያ ለባንኩ ይቀርባል፤ ባንኩ በስምንት ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካዎት፣ ወደ ፋይናንስ ዕንባ ጠባቂው ያለ ክፍያ መሄድ ይቻላል፤ የመጨረሻው መልስ ከደረሰዎት በኋላ ግን ያለዎት ጊዜ ስድስት ወር ነው።