ከኋላ የተቀመጠውን ሰውዬ ማድመጥ፦ የባዲ ማይልስ አድናቂ እንዴት ይሆናል?

ባንድ ስናይ ዓይናችን መጀመሪያ ዘፋኙ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ ሊድ ጊታሪስቱ ላይ። ድራመሩ ከሲምባሎቹ ኋላ ተሸጉጦ ላቡን ያንጠፈጥፋል፤ ስሙን የሚጠይቅ ግን የለም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የአሜሪካዊውን ጊታሪስት የጂሚ ሄንድሪክስን "ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ" አልበም ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ድራሙን ማን እንደሚመታ ግን ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሳሎን ውስጥ ከፍቼው ሻወር ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ጊታሩ ከበሩ ወዲያ ቀረ። እኔ ጋ የደረሰው ቤዙና ድራሙ ብቻ ነበር። ዱም፣ ጧ፣ ዱም ዱም፣ ጧ። ሳሙናውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይሄ ሰውዬ ማነው?

ባዲ ማይልስ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሱ ነገር አይሆንልኝም። ቤተሰቤ ስሙን መስማት ሰልችቶታል። እናንተንም እንዲለክፋችሁ ስለምፈልግ የሄድኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሚቀጥለው ክፍል ስሙት

ሻወር መግባት ግዴታ አይደለም። ሙዚቃውን በደህና ስፒከር ክፈቱ፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ወደ ሌላ ክፍል ሄዳችሁ በሩን ዝጉ። ቀጫጭኑን ድምፅ በርና ግድግዳ ይውጠዋል። ወፍራሙ ግን ያልፋል። ጎረቤት ሰርግ ሲኖር ዘፈኑ ሳይለይ ድብደባው ብቻ ቤታችሁ የሚገባው ለዚህ ነው።

በስልክ ስፒከር አትሞክሩት። ስልክ ኪኩን አያወጣውም። ኪክ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ ነው፤ እሱ ከሌለ የማይልስ ግማሹ የለም። ስፒከር ከሌላችሁ ጆሮን ጥሩ አድርጎ የሚደፍን ኤርፎን ይበቃል።

ለመጀመሪያው ቀን "ሁ ኖውስ" የሚለውን ምረጡ። የአልበሙ መክፈቻ ነው፣ ወደ አሥር ደቂቃ ይጠጋል። ሌላ ምንም አታድርጉ። ድራሙ ምን ያህል እንደማይለዋወጥ ብቻ ታዘቡ። ቢሰለቻችሁም ችግር የለም፣ እኔንም መጀመሪያ ሰልችቶኝ ነበር።

2. ታሪኩን እወቁ

የሰውየውን ሕይወት ሳያውቁ መውደድ ይቻላል። ሲያውቁት ግን ሌላ ነው።

ሙሉ ስሙ ጆርጅ አለን ማይልስ ነው፣ የአባቱ ስም ወራሽ። የተወለደው መስከረም 5 ቀን 1947 በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ኦማሃ ከተማ ነው። አባቱ የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ነበር። ልጁ በ12 ዓመቱ የአባቱ ባንድ ውስጥ ድራም ላይ ተቀመጠ። "ባዲ" ያለችው አክስቱ ናት፤ ያኔ በፍጥነቱ ስሙ በገነነው የጃዝ ድራመር በባዲ ሪች ስም። ለአንድ ሕፃን ከባድ ቅጽል ነው።

ከዚያ ከሶል ዘፋኞች ጋር ዞረ፣ ከዊልሰን ፒኬት ጋርም ተጫወተ። በ1967 ጊታሪስቱ ማይክ ብሉምፊልድ "ኤሌክትሪክ ፍላግ" የሚባል ባንድ ሲያቋቁም ድራሙን ለሱ ሰጠው። በዚያው ዓመት ሰኔ በሞንትሬይ ፖፕ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጡ። ሮኩ፣ ብሉዙ፣ ሶሉ በአንድ ድስት የተሠራ ባንድ ነበር፤ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። ማይልስ በ1968 "ባዲ ማይልስ ኤክስፕረስ" የተባለውን የራሱን ባንድ አቆመ። ያው ዓመት ሄንድሪክስ "ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ" የተባለውን አልበም ሲቀርጽ ርዕሳቸው ዝናብን በሚጠራ ሁለት ዘፈኖች ላይ ድራሙን የመታው እሱ ነው። ሁለቱ ዘፈኖች በእርግጥ ለሁለት የተቆረጠ አንድ ጨዋታ ናቸው። ብዙ ሰው አልበሙን በቃሉ ያውቀዋል፤ እዚያ ጋ ድራመሩ መቀየሩን ግን አያውቅም።

ቀሪውን በመንገዳችን ላይ እናነሳዋለን።

3. ጉልበታችሁን ድራም አድርጉት

ይሄ ዋናው ደረጃ ነው። አትዝለሉት። በጆሮ ብቻ ድራመር መውደድ ምግብ በዓይን እንደመብላት ነው።

ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃችሁ ቀኝ ጭናችሁ ላይ፣ ግራ እጃችሁ ግራ ጭናችሁ ላይ። ቀኝ እግራችሁ መሬት ላይ።

መጀመሪያ በቀኝ እጅ ብቻ፣ እኩል እኩል እየመታችሁ ቁጠሩ፦ አንድ እና ሁለት እና ሦስት እና አራት እና። ስምንት ምት ነው። ይህ ሃይሃቱ ነው፣ ተደራርበው የሚከፈቱትና የሚዘጉት ሁለቱ ሲምባሎች። ቀኝ እጅ ሳያቋርጥ፣ ግራ እጃችሁን "ሁለት" እና "አራት" ላይ ብቻ ጨምሩ። ይህ ስኔሩ ነው፣ "ጧ" የሚለው። ሲደላደል እግራችሁን "አንድ" እና "ሦስት" ላይ መሬት ላይ ርገጡ። ይህ ኪኩ ነው።

መጀመሪያ እግሩ እጁን ይከተላል። ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ያውም ቢሮ ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር እየተለማመድኩ።

እኛ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ጆሯችን በችክችካ ያደገ ነው። ችክችካ ምቱን በሦስት በሦስት ይከፍለዋል፤ ትከሻችንም የሚነሣው ለዚያ ነው። ፈንክና ሮክ ግን በብዛት ለሁለት ለአራት ነው የሚከፈሉት። ስለዚህ እጃችሁ ሳታውቁት ወደ ሦስቱ ሊሸሽ ይችላል። ሲሸሽ ቁሙና ከቀኝ እጁ እንደገና ጀምሩ።

አሁን ሚስጥሩ። ሦስቱ ተግባብተው ሲሄዱ ግራ እጃችሁን ከ"ሁለት" እና ከ"አራት" ለቅንጣት ያህል አዘግዩት። በጣም ትንሽ። ቁጥሩን አታስረዝሙ፣ እጁ ብቻ ይዘግይ። ወዲያው ጨዋታው ይከብዳል፣ ሰውነታችሁ ወደ ኋላ ዘና ይላል። ማይልስ የሚኖረው እዚያች ቅንጣት ውስጥ ነው። ገላው ግዙፍ፣ እጁም ከባድ ነበር፤ ምቱን አያሳድደውም፣ ይጠብቀዋል። አሁን "ሁ ኖውስ"ን መልሳችሁ ክፈቱና አብራችሁት ምቱ። ባለፈው የሰለቻችሁን ነገር ለአሥር ደቂቃ ሳይንገዳገዱ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ጭናችሁ ይነግራችኋል።

ከፈጠነባችሁ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱት። አያሳፍርም።

4. "ማሽን ገን"ን ለብቻው ስጡት

መብራት አጥፍታችሁ፣ ስልካችሁን አርቃችሁ። የ"ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ" ሁለተኛው ዘፈን ነው፤ ስሙ መትረየስ ማለት ነው። ርዝመቱ ከ12 ደቂቃ በላይ ነው።

አልበሙ የተቀረጸበት ቦታ ኒውዮርክ፣ ፊልሞር ኢስት የሚባል አዳራሽ ነው። ባንዱ በ1969 የመጨረሻ ምሽትና በ1970 የመጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ ተጫወተ። ጊታር ሄንድሪክስ፣ ቤዝ ቢሊ ኮክስ፣ ድራም ማይልስ። ሦስቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፣ ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነው። ሄንድሪክስ ዘፈኑን ሲጀምር በየከተማው ለሚዋጉትና ቬትናም ላሉት ወታደሮች መታሰቢያ ያደርገዋል።

ከዚያ መትረየሱ ይተኩሳል። እዚህ ጋ ጆሯችሁን ቀስሩ። ሁሉም ሰው ተኩሱ የጊታር ይመስለዋል። ግማሹ የማይልስ ስኔር ነው። ሁለቱም በትሮች ስኔሩ ላይ ይረባረባሉ፣ ከጊታሩ ጋር ገጥመው፣ ታታታታ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ወደ ዘገምተኛው ምት ይመለሳል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

አራተኛው ደቂቃ አካባቢ ሄንድሪክስ አንዲት ቀጭን ድምፅ ይይዝና አይለቃትም። ስለዚያች ድምፅ ብዙ ተጽፏል። እናንተ ግን ያን ጊዜ ወደ ታች ውረዱ። ማይልስ ምን ያደርጋል? አይከተለውም፣ አይፎካከረውም። መሬቱን ይዞለታል። ጊታሩ ያን ያህል ሊበር የቻለው ከታች የሚያርፍበት ስላለ ነው ብዬ አምናለሁ። ሄንድሪክስ ሲዘፍንም ከኋላ በቀጭን ድምፅ የሚያጅበው ማይልስ ነው።

5. አንዱን ዘፈን በሁለት ቤት ስሙ

"ቼንጅስ" የማይልስ የራሱ ድርሰት ነው። ፊልሞር ኢስት ላይ ድራሙን እየመታ ይዘፍነዋል። በዚያው በ1970 ደግሞ "ዜም ቼንጅስ" ብሎ በራሱ አልበም አወጣው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። የመጀመሪያው ሦስት ሰው ነው፤ ባዶ ቦታው ይሰማል፣ ጊታሩና ቤዙ አንድ መስመር ይዘው ይሄዳሉ። ሁለተኛው ላይ ጥሩምባና ሳክስፎኑ ገብቷል፣ ሰርግ ቤት ሆኗል። ምቱ ግን ያው ነው። ማይልስን ለማወቅ ፈተናው ይሄ ነው፤ ልብስ ቢቀይርም አካሄዱን ትለዩታላችሁ።

እየዘፈኑ ድራም መምታት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ደረጃ ሦስትን እየሠራችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ጮክ ብላችሁ ለማንበብ ሞክሩ።

6. ለሚነቅፉት መልስ ያዙ

መነቀፉ አይቀርም። ከሱ በፊት የሄንድሪክስ ድራመር እንግሊዛዊው ሚች ሚቼል ነበር። ሚቼል ከጃዝ የመጣ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ሄንድሪክስ አንድ ሲለው እሱ ሦስት ይመልሳል። ብዙ የሮክ አድናቂ ማይልስን ከሱ ጋር አስተያይቶ "ቀላል ነው" ይለዋል።

ሚቼልን አትንቀፉ። ድንቅ ድራመር ነው፣ ደግሞም አያስፈልግም። "ማሽን ገን" ላይ ያ ሁሉ ወሬ ቢበዛ ዘፈኑ ምን ይሆን ነበር? በሉና ተዉት።

የማይልስንም ጉድለት አትደብቁ። ዘፈን ሲጀምር ማቆሚያ የለውም። ሄንድሪክስ ራሱ አልበሙን ሲያዘጋጅ ከማይልስ የድምፅ ጨዋታ ላይ ቆርጧል፤ ልክ ነበር ባይ ነኝ። አልበሙ መጋቢት 1970 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ አምስተኛ ደረጃ ድረስ ወጥቷል። ባንዱ ግን ያኔ ፈርሷል። ጥር 28 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሁለት ዘፈን ተጫውተው ሄንድሪክስ መቀጠል አቃተው፤ ወዲያው የሄንድሪክስ ማናጀር ማይልስን አባረረው።

7. ዲስኮቹን አድኑ

እዚህ ጋ ከኪስ ይወጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ይሻላል፦ "ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ"፣ "ዜም ቼንጅስ"፣ ከዚያ የጊታሪስቱ የጆን ማክላፍሊን የ1970ው "ዲቮሽን"፣ ከዚያ ከካርሎስ ሳንታና ጋር በ1972 ያወጣው የመድረክ አልበም። የኋለኛው ኮንሰርት የተካሄደው ሃዋይ፣ የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ጽሑፉን ሳነብ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ያገለገለ ሸክላ ከመግዛታችሁ በፊት የውስጡን ፎቶ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምኜ፣ ሻንጣ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ መጣልኝ። ሽፋኑ "ዜም ቼንጅስ"፣ ውስጡ የገና መዝሙር። በሐምሌ።

ማንኛውንም አልበም ስታገኙ ጀርባውን አገላብጣችሁ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። "ድራም" ከሚለው ቃል ጎን ያለውን ስም ያዙ። ይህን ልማድ ወደ ቤት ስመልሰው እኔ ራሴ አፈርኩ። በ1977 የወጣውን የዋልያስን "ቼ በለው" ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። "ሙዚቃዊ ስልት"ን የማያውቅ የለም። ኃይሉ መርጊያን ሁሉም ይጠራል። ድራሙ ላይ ያለው ተማረ ሐረጉ መሆኑን ያወቅኩት ግን ማይልስ ከለከፈኝ በኋላ ነው። በሩን ዘግታችሁ ስሙት።

ማይልስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክፉ ጊዜ ገጠመው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ታሰረ፤ እስር ቤትም ውስጥ ባንድ አቋቁሞ ይጫወት ነበር። ሲወጣ በ1986 በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የሚዘፍኑ፣ ከጭቃ የተሠሩ የዘቢብ ፍሬዎች ዋና ድምፅ ሆነ። አሜሪካ በሙሉ ድምፁን አወቀው። ዘቢቡን እንጂ እሱን ግን አላወቀም። የካቲት 26 ቀን 2008 ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። 60 ዓመቱ ነበር።

8. ለሌላ ሰው አሰሙ

"ማሽን ገን"ን አታስቀድሙ፣ እንግዳ ያባርራል። "ዜም ቼንጅስ"ን ክፈቱ። ስለ ማይልስ ምንም አትናገሩ፤ ይሄ ለኔ እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ክፍል ነው። እህቴ አንድ ቀን ወጥ እያማሰለች ነበር። ዝም ብዬ ከፈትኩት። ጥቂት ቆይቶ ማማሰያው የድስቱን ከንፈር መምታት ጀመረ። ሁለት ላይ፣ አራት ላይ። "ማነው ይሄ?" አለችኝ።