ጨዋታውን በቃል ይዞ መክፈቻው ላይ መጥፋት፦ ችግሩና መፍትሔው

በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም ቼዝ ከማለማምዳቸው ወጣቶች ዘንድ ደጋግሜ የማየው ችግር አንድ ነው። ተማሪው የታላላቅ ማስተሮችን ጨዋታ በቃሉ ይዞ ይመጣል፤ ተጋጣሚው ካጠናው ውጭ አንዲት እርምጃ ሲሄድበት ግን ግራ ይጋባና፣ ሰዓቱ ሊያልቅበት ሲል፣ ቦታው ተለውጦም ቢሆን ያንኑ የሸመደደውን ይጫወታል።

ምክንያቱ የማስታወስ ድክመት አይደለም፤ ማስተሩ ምን እንደተጫወተ እንጂ ለምን እንደተጫወተ ሳይጠይቅ ማለፉ ነው። አሜሪካዊው የቼዝ ማስተር ፖል ሞርፊ በ1858 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦፔራ ቤት የብራውንሽዋይግን መስፍንና ኮንት ኢዙዋርን በፊሊዶር መከላከያ (ጥቁር ከሚጠቀምባቸው መክፈቻዎች፣ ማለትም የጨዋታ አጀማመሮች፣ አንዱ) ላይ በ17 እርምጃ ያሸነፈበትን ጨዋታ እንይ። ጥቁሮቹ በሦስተኛው እርምጃ ጳጳሳቸውን ከሲ8 ወደ ጂ4 (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል) አውጥተው ወዲያው በፈረስ ለወጡት። ሞርፊ በሰባተኛው እርምጃ ንግሥቱን ቢ3 ላይ ሲያቆም ኤፍ7ን ከሲ4 ጳጳሱ ጋር ሆኖ አጠቃ፤ ቢ7ንም አስፈራራ፣ ምክንያቱም ጠባቂው የሲ8 ጳጳስ ከሰሌዳው ወጥቷል።

አንድ ብርቱ ልጅ ይህን ጨዋታ እስከ ቼክሜቱ ድረስ ያውቀው ነበር። ተጋጣሚው ግን በሦስተኛው እርምጃ ጳጳሱን ሳያወጣ በዲ4 ያለውን ወታደር በላ፤ ይህም የተሻለው መልስ ነው። ልጁ በፈረሱ መልሶ በላ፤ ቀጥሎ ንግሥቱን ኤፍ3፣ ጳጳሱን ሲ4 ላይ አኖረና ጥቁር ካስሊንግ ካደረገ (ንጉሡን ወደ ጎን ወስዶ ግንቡን አጠገቡ ካቆመ) በኋላ ንግሥቱን ወደ ቢ3 አሻገራት። ቢ7ን የሲ8 ጳጳስ፣ ኤፍ7ን ግንቡና ንጉሡ ይጠብቁታል፤ ንግሥቲቱ ትጠብቀው የነበረው የኢ4 ወታደር ግን በነጻ ተበላ።

መፍትሔው ይህ ነው። አንድ መክፈቻ ብቻ ምረጡ፤ ዕቅዱ ገሃድ የሚታይባቸውን ሁለት ሦስት የቆዩ ጨዋታዎች ያዙ። በእውነተኛ ሰሌዳ ላይ፣ የሚቀጥለውን እርምጃ በወረቀት ሸፍናችሁ፣ የራሳችሁን ጻፉ፤ ከዚያ ግለጡና ማስተሩ በዚያ እርምጃ ምን እንዳጠቃ፣ ምን እንደጠበቀ፣ ምን እንደለቀቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝግቡ። በመጨረሻ የተጋጣሚውን አንድ እርምጃ ለውጡና፣ ለምሳሌ ጳጳሱን ሲ8 ላይ መልሳችሁ፣ ንግሥት ቢ3 አሁንም ይሠራል ወይ ብላችሁ ፈትኑ። ይህን ሳይሠሩ ወደ ውድድር የሚመጡ ልጆች ድካማቸው ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል።

የኮምፒውተር ሞተር (እርምጃ የሚያሰላ የቼዝ ፕሮግራም) አስቀድማችሁ አትክፈቱ፤ ቁጥር ይሰጣችኋል እንጂ ምክንያት አይነግራችሁም። በስልክ የሚዘዋወሩ የጨዋታ መዝገቦችንም አትመኑ፤ አንድ እርምጃ የተዘለለበት መዝገብ ያጠናችሁትን ሁሉ ያበላሻል፣ ስለዚህ ከሌላ ቅጂ ጋር አስተያዩ።

አልፎ አልፎ ችግሩ የእርምጃ ቅደም ተከተል ነው፤ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ1972 እ.ኤ.አ. በሬይኪያቪክ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ስድስተኛውን ጨዋታ ወታደሩን ወደ ሲ4 በመግፋት ጀምሮ፣ ብዙውን ጊዜ በዲ4 የሚጀመረው ንግሥት ጋምቢት የተባለ መክፈቻ ውስጥ እንደገባ፣ የምታውቁት ቦታ በሌላ በር ሊመጣ ይችላል።