መጸዳጃው አንዴ ወስዶ አንዴ ሲመልስ

ባለፈው ገና ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን እንግዳ ሞልቶበት ነበር። መጀመሪያ የገባው ሰው ውሃውን ሲለቅ መጸዳጃው ጠራርጎ ወሰደ። ተከትለውት የገቡት አክስቴ ግን በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄ፣ እስቲ ባልዲ አምጣልኝ» አሉኝ በለሆሳስ። ከሸዋ ሮቢት ድረስ ለበዓል የመጡ ሰው ባልዲ ሲጠይቁ ማየት ያሳፍራል። ከዚያ በኋላ መጸዳጃውን ስመረምር፣ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የኔ ሆኖ አገኘሁት።

የመጀመሪያው ስህተት የቧንቧውን ግፊት መውቀስ ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ሁሉንም ነገር በእሱ ማሳበብ ይቀናናል። ከጀርባው ታንከር ያለው መጸዳጃ ግን ሥራውን የሚሠራው በመንገዱ ቧንቧ ግፊት ሳይሆን በተጠራቀመው ውሃ ክብደት ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ መጸዳጃዎች በአንድ ጊዜ 6 ሊትር ያህል ይለቃሉ። ይህ ውሃ በጥቂት ሴኮንድ ተንዶ ሲወርድ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ጠማማ አንገት ይሞላዋል፤ አንገቱ ሲሞላ ውሃው ቆሻሻውን ስቦ ይዞት ይሄዳል። ያው 6 ሊትር በዝግታ ቢወርድ አንገቱ ሳይሞላ ያልፋል፣ ቆሻሻውም ባለበት ይቀራል። ደካማ ግፊት የሚያደርገው ታንከሩ የሚሞላበትን ጊዜ ማስረዘም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከዚሁ ይወለዳል፦ ታንከሩ ሳይሞላ ደግሞ መልቀቅ። አክስቴን ያጋጠማቸው ይኸው ነው። የኛ ታንከር ለመሙላት ሰባት ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ምክንያቱን ስፈልግ ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ በግማሽ ተዘግታ አገኘኋት። ማን እንደዘጋት እስከ ዛሬ አልታወቀም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ከጣሪያው ሮቶ የሚወርደው ቀጭን ቧንቧ ጠዋት ጠዋት በበረዶ ሊያዝ ስለሚችል፣ ፀሐይ እስኪሞቅ መታገሥ ይሻላል።

ውሃ ለመቆጠብ ብሎ ታንከሩ ውስጥ ጡብ ወይም ውሃ የሞላ ሃይላንድ ማስቀመጥም የተለመደ ነው። ብዙ ውሃ በሚይዙት አሮጌ ታንከሮች ያዋጣ ይሆናል። ከ6 ሊትሩ ላይ 2 ሊትር ከቀነሱ ግን የቀረው 4 ሊትር ላይወስድ ይችላል፤ ያኔ ሁለት ጊዜ ሲለቁ 8 ሊትር አወጡ ማለት ነው።

የታንከሩን ክዳን ከፍቶ አለማየትም ስህተት ነው። መውጫውን የሚደፍነው ጎማ ካረጀ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ወደ መቀመጫው ይሾልካል። ቧንቧው ውሃ ባለበት ቀን ታንከሩ ራሱን ስለሚተካ ማንም አያውቅም፤ ፈረቃው ባልደረሰበት ቀን ግን ጠዋት ባዶ ሆኖ ይጠብቅዎታል። «አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ለማጣራት ጠቆር ያለ ቡና ታንከሩ ውስጥ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ሳይለቁት መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከጠቆረ ጎማው ይቀየር። ጎማውን የሚያነሣው ሰንሰለት ከላላም በደንብ ስለማይከፍተው ውሃው ተንዶ አይወርድም።

በመቀመጫው ከንፈር ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ነጭ ቅርፊት ሲደፍናቸው አቼቶ ቀብቶ ማሳደርና በሽቦ መጥረግ ይበቃል። በረኪና ግን አይጨምሩበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ሁሉም ተስተካክሎ ውሃው አሁንም እየተንቦጫረቀ በዝግታ ከወረደ፣ ወደ ጣሪያ የሚወጣው የአየር ቧንቧ ተደፍኖ ወይም ከመነሻውም ሳይሠራ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የሻወሩ ወለልም አብሮ ውሃ ከመለሰ ግን፣ ሠራተኛው ሴራሚኩን ልሰብር ከማለቱ በፊት የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን አስከፍተው ሞልቶ እንደሆነ ይዩ።