ታቱ ከመሰራታችሁ በፊት፣ በተለይ በፊደል ከሆነ

በግራ እጄ አንጓ ላይ፣ የሰዓቴ ማሰሪያ በሚያርፍበት ቦታ፣ «እናቲ» የሚል ታቱ አለኝ። ሲሰራ «እናቴ» ነበር። ነቃሹ አልተሳሳተም፤ ፊደሉም ልክ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ታሪኩን ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ እስክሪብቶ

ያሰባችሁትን ነገር፣ ባሰባችሁት ቦታ፣ ባሰባችሁት መጠን በየጠዋቱ በእስክሪብቶ ጻፉት ወይም ሳሉት። ለአንድ ወር። ሻወር ሲያጥበው እንደገና። በሁለተኛው ሳምንት «ኤጭ!» ካላችሁ መልሱን አገኛችሁ፤ የከሰራችሁትም የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው።

ስዕሉ ትልቅ ከሆነ እንሶስላ ወይም ሂና ሞክሩ። «ጥቁር ሂና» ከሚሉት ግን ራቁ። እውነተኛ ሂና ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ነው። እንደ ሬንጅ የጠቆረው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የጸጉር ቀለም ኬሚካል ተጨምሮበታል። ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። አንዳንዱ ሰው ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን የጸጉር ቀለም አይስማማውም። አረብ አገር ያላችሁ፣ ሰርግና በዓል ሲመጣ ይህን አትርሱ።

የፍቅረኛ ስም? አይሆንም። እንቀጥል።

ማን ያየዋል?

ቤተሰብ ይቆጣል፤ ይህን ታውቁታላችሁ። ሃይማኖቱንም ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዘሌዋውያን 19፥28 ገላን መነቀስ ይከለክላል፤ በእስልምናም አብዛኞቹ ሊቃውንት ቋሚ ንቅሳትን ይከለክላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ ስንት እናቶች ቅዳሴ ያስቀድሳሉ! ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ውስጥም ራዙክ የሚባል የግብጽ ኮፕት ዝርያ ያለው ቤተሰብ በእንጨት ማኅተም እያተመ ለተሳላሚዎች መስቀል ሲነቅስ ኖሯል። ስለዚህ ክርክሩን ለናንተና ለንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ።

የስራ ጉዳይ ግን ክርክር የለውም። ኤሜሬትስ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆቹ ዩኒፎርም ለብሰው የሚታይ ታቱ እንዲኖራቸው አይፈቅድም። ለዚያ ዓይነት ስራ የምታስቡ ከሆነ አንገት፣ እጅና ቁርጭምጭሚት ይቅርባችሁ። እኔ የሰዓት ማሰሪያ ስር የደበቅኩት ለዚህ ነበር። ለእናቴ የተሰራ ታቱ፣ እናቴ እንዳታየው! ያኔ ትልቅ ብልጠት መስሎኝ ነበር።

ቤቱን ስትመርጡ

የኢንስታግራም ፎቶ አይቶ መወሰን አይበቃም። እዚያ የሚለጠፈው በተሰራ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የተነሳ ነው፤ ያኔ ሁሉም ያምራል። «ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ስራችሁን አሳዩኝ» በሉ። ከቻላችሁ ሰውዬውን ራሱን አግኙት።

መርፌው ፊታችሁ ከማሸጊያው ይውጣ፤ የሚያበቃበት ቀንም ማሸጊያው ላይ አለ፣ አንብቡት። ቀለሙ ከጠርሙሱ ለናንተ ብቻ ወደ ትንሽዬ ክዳን ይቀዳ፤ መርፌ ጠርሙስ ውስጥ ሲነከር ካያችሁ ተነሱና ውጡ። ነቃሹ በጓንት እጁ ስልክ አንስቶ ከመለሰ ጓንቱን ይቀይር። እያንዳንዱን ጥያቄ «አይዞሽ፣ ምንም አይልም» ብሎ የሚያልፍ ሰው ጋ እኔ አልነቀስም። እንደገና የሚጠቀሙበት እቃ ካለ አውቶክሌቭ ሊኖራቸው ይገባል፣ ማለትም በ121 ዲግሪ በእንፋሎት ግፊት የሚያጸዳ ማሽን። «በአልኮል እንጠርገዋለን» መልስ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለምን? ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤች አይ ቪም በመርፌ ስለሚተላለፉ ነው። ለቢ ክትባት አለው። በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አልተከተብንም። ሙሉው ክትባት ብዙ ጊዜ ሦስት ዙር ነው፣ ወራት ይፈጃል። በእስክሪብቶው ወር ጀምሩት።

አሁን ወደ ፊደሉ

የኔ «እናቴ» ቁመቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። ነቃሹ «ትንሽ ከፍ ብናደርገው ይሻላል» ብሎኝ ነበር። እኔ ሰዓቱ እንዲሸፍነው ስለፈለግኩ «ይነስ፣ ይነስ» አልኩት። የተሰራ ዕለት እንደ መጽሐፍ ይነበብ ነበር።

«ቴ»ን አስቧት። ከ«ቲ» የምትለየው እግሯ ስር ባለችው ቀለበት ነው። የኔዋ ቀለበት ውስጥ የነበረው ባዶ ቦታ ጤፍ አያህልም። የታቱ ቀለም የሚቀመጠው ከላይኛው ቆዳ በታች፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እዚያ የሰውነት ሴሎች ቀለሙን ውጠው ይይዙታል፤ እነሱ ሲሞቱ ሌሎች ይረከባሉ። በዚህ ቅብብል መስመሩ በየዓመቱ በጥቂቱ ይወፍራል። ወፍራም መስመር ባዶ ቦታን ይበላል። በሦስተኛው ዓመት ቀለበቷ ድፍን አለች።

እናቴ ያየችው ሊጥ ሳቦካ ሰዓቴን ባወለቅኩበት ቀን ነው። እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። መነጽሯን አደረገች። ቁጣ ስጠብቅ፣ «እናቲ ማናት?» አለችኝ።

እሷ ራሷ አንገቷ ላይ እንደ ማርዳ የተደረደረ ንቅሳት አላት። ልጅ ሆና ነው፤ በመርፌና በጥላሸት፣ ሁለት ሴቶች እጇን ይዘዋት። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥቁሩ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ አዘንብሏል፣ መስመሩም ወፍሯል። ግን እያንዳንዷ መስቀል እስካሁን መስቀል ናት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። የድሮዎቹ ነቃሾች መስመሩን ቀላል፣ በመስመርና በመስመር መካከል ያለውን ቦታ ሰፊ ያደርጉት ነበር። እንደሚወፍር ያውቃሉ።

ስለዚህ የኔ መስፈሪያ ይህ ነው። በፊደላችሁ ውስጥ ያለው ትንሹ ባዶ ቦታ ቢያንስ የሩዝ ፍሬ ስፋት ይኑረው። ይህ ማለት የፊደሉ ቁመት ወደ አንድ ተኩል ሳንቲሜትር ይሆናል። ካልበቃችሁ ቦታ ቀይሩ እንጂ ፊደል አታሳንሱ። ቀለበት ያላቸውን እነ ሜ፣ ቤ፣ ሴን በተለይ ተጠንቀቁ። አናታቸው ላይ ጭረት ያላቸውንም እንዲሁ፤ «ኘ» ጭረቷ ከመስመሩ ጋር ከተጣበቀ «ነ» ሆነች ማለት ነው።

ቀጥሎ አጻጻፉ። በአማርኛ «ሰ» ወይ «ሠ» ብትሉ ማንም አይከሳችሁም፤ በግዕዝ ግን ትርጉም ይቀየራል። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ነው። «ሰረቀ» ሌብነት ነው። «ሠረቀ ፀሐይ» ብሎ ደረቱ ላይ ሊያስጽፍ የሄደ ሰው በአንድ ፊደል ፀሐይን ሌባ አድርጓት ሊመለስ ይችላል። ግዕዝ ከሆነ የአብነት ትምህርት የተማረ ሰው ያንብብላችሁ። ጎግል አይደለም።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ፊደሉን በጽሑፍ አትላኩ፣ በምስል ላኩ። ነቃሹ ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፊደል ከሌለ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ነው የሚያየው። ማንበብ የማይችል ሰው ስቴንስሉን፣ ማለትም ከመነቀሱ በፊት ቆዳ ላይ የሚታተመውን ንድፍ፣ ገልብጦም ሊለጥፍ ይችላል፤ «በ» ተገልብጦ «ሀ» ለመምሰል ምንም አይቀረውም። ስቴንስሉ ቆዳችሁ ላይ ካረፈ በኋላ ፎቶ አንሱና ፊደል ለሚያነብ ሰው ላኩ፣ መልሱ እስኪመጣም መርፌ አይነካችሁ። በኋለኛው ካሜራ ይሁን፤ የሰልፊው ካሜራ እንደ መስታወት እየገለበጠ ያሳስታችኋል።

ቆዳችሁ

ጆሯችሁን ስትበሱ እባጭ ወጥቶ የቀረባችሁ፣ ወይም የቁስል ጠባሳችሁ ከቁስሉ በላይ የሚያብጥ ከሆነ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል። እንዲህ ከሆናችሁ የቆዳ ሐኪም ሳታማክሩ አትነቀሱ። ቀለምን በተመለከተ ጥቁር ምረጡ። ቢጫና ነጭ በኛ ቆዳ ላይ ብዙም አይታዩም፤ ቀይ ደግሞ አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ነው።

በልታችሁ ሂዱ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ባዶ ሆድ ከመርፌ ጋር ሲገናኝ ራስ ያዞራል። ከዋዜማው መጠጥ ይቅር። እርጉዝ ከሆናችሁ ቆይቶ ይደርሳል። ደም የምትለግሱ ከሆነ አስቀድማችሁ ለግሱ፤ ከታቱ በኋላ፣ እንደየአገሩ ደንብ፣ ለወራት ልትታገዱ ትችላላችሁ።

ከተሰራ በኋላ ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቡት፣ የተሰጣችሁን ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ቅቤ አይደለም! ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ዋና የለም፣ ፀሐይ የለም። ሲያሳክክ አትከኩት።

«ካልወደድኩት በሌዘር አጠፋዋለሁ»

ስለ ራሴ ጠይቄ ነበር። አንድ ጊዜ አይበቃም። ብዙ ዙር ነው፣ በዙሮቹ መካከልም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። በጥቁር ቆዳ ላይ ሌላ ጣጣ አለው፤ ሌዘሩ ከታቱው ጋር የራሳችንን ቀለም አብሮ ወስዶ ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። ለኛ የሚሻለው የብርሃን ሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ የሚባለው የሌዘር ዓይነት ነው። የምትሄዱበት ቤት ያለው እሱ ካልሆነ ተመለሱ።

እኔ ተውኩት። እናቴ አሁን ስትደውል «እናቲ ነኝ» ትላለች። በሌላኛው ክንዴ ላይ ደግሞ ያቺኑ ቃል፣ ሁለት ሳንቲሜትር አድርጌ፣ በየጠዋቱ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ ነው። ዛሬ 19ኛ ቀኔ ነው።